ነርሲንግ ወይም ምሕንድስና ለመማር ኮሌጅ የገባ ተማሪ ሒሳብን ከየትኛው ኮርስ ይጀምር?

ጥያቄ፦ እህት ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች። ከዚህ በታች የማቀርበው ጥያቄ እኔንና ታናሽ ወንድሜን የሚመለከት ነው፤ ሁለታችንም በአንድ ቤት የምንኖር፣ በአንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የተመዘገብን ብንሆንም በሒሳብ በኩል የቆምንበት ቦታ ፈጽሞ የተለያየ በመሆኑ፣ ለእኔ የተነገረኝ ለእርሱ፣ ለእርሱ የተነገረው ለእኔ ሳይሆን ቀርቶ ግራ ተጋብተናል።

እኔ ወደ አሜሪካ በዲቪ ከመጣሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። ቀን በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በረዳት ነርስነት እየሠራሁ ማታ እማራለሁ። ደሴ 12ኛ ክፍልን የጨረስሁት በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት 11 ዓመታት ከሒሳብ ጋር የተገናኘሁት ሱቅ ውስጥ ሂሳብ ስከፍል ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ዓላማዬ በመጀመሪያ የሁለት ዓመቱን የነርሲንግ ዲግሪ ጨርሼ የነርስነት ፈቃድ ማግኘት፣ ቀጥሎም ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተሻግሬ ባችለሬን መያዝ ነው። ባለፈው የፎል ሴሚስተር አንድ አማካሪ፣ የጤና ትምህርት መማር እንደምፈልግ ስነግረው፣ ለካልኩለስ የሚያዘጋጀውን ፕሪካልኩለስ የተባለ ኮርስ አስመዘገበኝ። እስከ አምስተኛው ሳምንት ታገልሁ፤ መምህሩ በሰሌዳው ላይ የሚጽፈው ሁሉ ቀድሞ የማውቀው፣ ግን ስሙ የጠፋኝ ሰው መልክ ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻም ደብልዩ (ኮርሱን አቋርጦ ለወጣ ተማሪ የሚመዘገብ ምልክት) አስመዝግቤ ወጣሁ። አሁን ደግሞ ሌላ አማካሪ ከመሠረቱ እንድጀምር፣ ማለትም ለዲግሪ የማይቆጠሩ ሁለት የዝግጅት ኮርሶችን በተከታታይ እንድወስድ መክራኛለች። ይህ አንድ ሙሉ ዓመት ይወስድብኛል።

ወንድሜ ባለፈው ክረምት የመጣ ሲሆን፣ በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ጥሩ ውጤት የነበረው ልጅ ነው። ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ማጥናት ይፈልጋል። 12ኛ ክፍል ላይ ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭና የኢንተግራል መነሻ ስለተማረ በቀጥታ ካልኩለስ አንድ እገባለሁ ብሎ ነበር፤ የምደባ ፈተናው ግን ፕሪካልኩለስ አንድ ላይ አስቀመጠው። በዚህ በጣም አዝኗል፤ የተማረውን ትምህርት ዋጋ እንዳሳጡበት አድርጎ ነው የቆጠረው። እርሱ ምደባውን ይቀበል ወይስ ይከራከር? እኔስ የዝግጅት ኮርሶቹን ልውሰድ? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወይም የምታስተምሩ ብትመክሩን ውለታችሁን አንረሳም።


መልስ 1፦ የሒሳብ መምህር፣ ሜሪላንድ

እህታችን፣ ጥያቄዎን በዝርዝር ስላቀረቡልን አመሰግናለሁ። ጎንደር ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ እዚህ ደግሞ በኮሚኒቲ ኮሌጅ ሒሳብ አስተምሬአለሁ፤ ባየሁት መጠን ልመልስልዎ።

በመጀመሪያ መነሣት ያለበት አሳሳች ግምት አለ። ብዙዎቻችን የኮሌጅ ሒሳብን እንደ አንድ መሰላል እንቆጥረዋለን፤ ከታች አልጀብራ፣ ከላይ ካልኩለስ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በዚያው መሰላል ላይ አንዱ ከፍ ብሎ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ የሚቆም ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። ወደ ካልኩለስ የሚያደርስ መንገድ አለ፤ ወደ ስታቲስቲክስ የሚያደርስ ሌላ መንገድ አለ፤ ሁለቱ ገና ከመጀመሪያው ይለያያሉ። በእኛም አገር ቢሆን የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች በ11ኛ ክፍል ተለያይተው ይማሩ እንደነበር ያስታውሳሉ፤ እርስዎ የስታቲስቲክስና የንግድ ሒሳብ ምዕራፎችን ሲማሩ፣ በሌላው ክፍል የነበሩት ቬክተርና ኮምፕሌክስ ቁጥር ይማሩ ነበር። ስለዚህ «ደረጃዬ ስንት ነው?» ብለው ከመጠየቅዎ በፊት «የምፈልገው ዲግሪ በመጨረሻ የሚጠይቀኝ የሒሳብ ኮርስ የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ይምጡ።

በቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጆች የኮርስ ቁጥሮቹ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ይህን ማድረግ አይከብድም። 154 የሚባለው ኳንቲቴቲቭ ሪዝኒንግ ሲሆን፣ ወለድን፣ መቶኛን፣ የመጠን ልወጣን፣ በግራፍ የቀረበ መረጃ ማንበብንና ፕሮባቢሊቲን የመሳሰሉትን የያዘ ነው። 155 በስታቲስቲክስ ማመዛዘንን ያስተምራል፤ 245 ደግሞ ከዚያ ጠለቅ ያለው ስታቲስቲክስ ነው። በሌላው መንገድ 161 እና 162 ፕሪካልኩለስ አንድና ሁለት ናቸው፤ 167 ሁለቱን ትሪጎኖሜትሪን ጨምሮ በአንድ ሴሚስተር የሚጨርስ ባለ 5 ክሬዲት ኮርስ ነው፤ 263፣ 264 እና 265 ሦስቱ ካልኩለሶች፣ 266 ሊኒየር አልጀብራ፣ 267 ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ናቸው። ነርስ የምትሆን ተማሪ የዚህ የካልኩለሱ መንገድ ተጓዥ አይደለችም። የመጀመሪያው አማካሪ «ጤና» የሚለውን ቃል ሰምቶ ወደ ሕክምና ወይም ወደ ፋርማሲ የሚሄድ ተማሪ ያሰበ ይመስለኛል፤ ለእነዚያ ፕሪካልኩለስና ካልኩለስ ሊያስፈልግ ይችላል። በፕሪካልኩለስ የደረሰብዎ ነገር ስለ ችሎታዎ የሚናገረው ነገር የለም፤ የማይሄዱበትን መንገድ ነው የጀመሩት።

ስለ ዝግጅት ኮርሶቹ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው። በተከታታይ ሁለትና ሦስት የዝግጅት ኮርስ ማስወሰድ ለብዙ ዓመታት የተለመደ አሠራር ነበር፤ ውጤቱ ግን ብዙ ተማሪ ዋናውን ኮርስ ሳያይ በመንገድ መቅረቱ ነው። ተማሪው ሒሳቡን ባይወድቅ እንኳ በሁለት ኮርሶች መካከል ሥራ ይቀየራል፣ ልጅ ይወለዳል፣ ገንዘብ ያልቃል። በ2016 ይፋ በሆነ የሲቲ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ኒውዮርክ ጥናት፣ የዝግጅት አልጀብራ እንዲወስዱ የተመደቡ ተማሪዎች በዕጣ ተከፍለው፣ አንዱ ቡድን የተመደበለትን አልጀብራ፣ ሌላው ቡድን ደግሞ በቀጥታ የኮሌጅ ስታቲስቲክስን ከሳምንታዊ የድጋፍ ክፍለ ጊዜ ጋር ወሰዱ። አልጀብራውን ያለፉት 39 በመቶ ገደማ ሲሆኑ ስታቲስቲክሱን ያለፉት 56 በመቶ ገደማ ነበሩ። በካሊፎርኒያም በ2017 የወጣ ሕግ፣ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ተማሪው በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሻገር የሒሳብ ኮርስ የመጨረስ ዕድሉን ከፍ የሚያደርግ ምደባ እንዲመድቡ አስገድዷል። ዛሬ ብዙ ኮሌጆች ዋናውን ኮርስና የድጋፍ ክፍለ ጊዜውን በአንድ ሴሚስተር አጣምረው ይሰጣሉ። እርስዎም አማካሪዋን «154ን ከድጋፍ ክፍለ ጊዜ ጋር መውሰድ እችላለሁን?» ብለው በቀጥታ ይጠይቋት።

የገንዘቡም ነገር አለ። የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ለዝግጅት ኮርሶች የሚከፍለው እስከ 30 ክሬዲት ብቻ ሲሆን፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ኮርሶች በዚህ ውስጥ አይቆጠሩም። ከዚህም በተጨማሪ ያስመዘገቡት ደብልዩ አማካይ ውጤትዎን ባይነካም እንደተሞከረ ኮርስ ይቆጠራል፤ ድጋፉ እንዳይቋረጥ ከሞከሯቸው ክሬዲቶች በአብዛኛው ኮሌጆች ዘንድ 67 በመቶውን ማጠናቀቅ ይጠበቅብዎታል። አንድ ደብልዩ አያስደነግጥም፤ ሁለተኛው ግን እንዳይደገም ይጠንቀቁ።

ስለ ወንድምዎ ለመናገር የጻፉት አይበቃኝም። የምደባ ፈተናው ላይ ምን ምን እንደሳተ ማየት ያስፈልጋል።


መልስ 2፦ ነርስ ነኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ በዕድሜ የምበልጥሽ ስለሚመስለኝ አንቺ ልበልሽ። እኔም በረዳት ነርስነት ጀምሬ ነው እዚህ የደረስሁት፤ ለብዙ ጊዜ ወደ ትምህርት ቤት እንዳልሄድ ያስፈራኝም ሒሳቡ ነበር። ስለዚህ ነርስ የምትፈልገው ሒሳብ ምን ዓይነት እንደሆነ በምሳሌ ላሳይሽ።

ሐኪሙ 375 ሚሊግራም መድኃኒት ያዛል። ጠርሙሱ ላይ በ5 ሚሊሊትር ውስጥ 250 ሚሊግራም አለ ይላል። ስንት ሚሊሊትር ትሰጫለሽ? 375ን ለ250 አካፍለሽ በ5 ስታባዢው 7.5 ሚሊሊትር ይሆናል። ሁለተኛ ምሳሌ፦ ለአንድ ሕፃን በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 15 ሚሊግራም ታዟል፤ የሕፃኑ ክብደት ግን የተጻፈው 44 ፓውንድ ተብሎ ነው። ለ2.2 ስታካፍዪው 20 ኪሎ ይሆናል፣ በ15 ስታባዢው 300 ሚሊግራም። በነርሲንግ ትምህርት ቤት የመድኃኒት መጠን ስሌት ፈተና የሚባለው ይኸው ነው፤ ሬሾ፣ ክፍልፋይ፣ ዴሲማልና የመለኪያ ልወጣ። ነገር ግን ይህን ፈተና ለማለፍ ብዙ ትምህርት ቤቶች 90 በመቶና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ፤ ምክንያቱም የዴሲማል ነጥብ አንድ ቦታ ስትስት መጠኑ አሥር እጥፍ ይሆናል፣ በአልጋው ላይ የተኛው ደግሞ ሰው ነው። እኛ በኪሎና በሊትር ያደግን ሰዎች በዚህ ላይ ከአሜሪካዊው ተማሪ ቀድመን እንገኛለን፤ ሚሊግራምን ወደ ግራም መለወጥ ለእኛ የልጅነት ትምህርት ነው።

ብዙ የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁት ቲስ የተባለው የመግቢያ ፈተናም የሒሳብ ክፍል አለው፤ በ57 ደቂቃ ውስጥ 38 ጥያቄዎች ይቀርባሉ፣ ቀላል የስሌት ማሽን ይፈቀዳል። ከዚያ ውጪ በባችለር ደረጃ የምትገናኚው ስታቲስቲክስን ነው። ስታቲስቲክስን ስወስድ የቸገረኝ ቁጥሩ አልነበረም፤ ከረጅም የእንግሊዝኛ አንቀጽ ውስጥ የሚጠየቀውን ፈልጎ ማውጣቱ ነበር። የተማርሁት ትልቁ ነገር የምርምር ጽሑፍ ሳነብ አንድ መድኃኒት «ይሠራል» ሲባል በምን ማስረጃ እንደተባለ መጠየቅ ነው፤ ይህን በየቀኑ ሥራዬ ላይ እጠቀምበታለሁ፤ ፕሪካልኩለስ ግን እስከ ዛሬ አላስፈለገኝም።

አንድ ነገር አደራ ልበልሽ። ወደምትሻገሪበት ዩኒቨርሲቲ አሁኑኑ ኢሜይል ጽፈሽ 155ን ይቀበሉ ወይስ 245ን ብቻ እንደሚቀበሉ ጠይቂ፤ መልሱንም አስቀምጪ። በቃል የተነገረ ነገር ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያስታውሰው አይገኝም።


መልስ 3፦ መሐንዲስ፣ ፌርፋክስ

ስለ ወንድምሽ ጥቂት ልበል። በእኔ እምነት ምደባውን ተከራክሮ በቀጥታ ካልኩለስ አንድ ቢገባ ይሻለዋል። እኔ አዲስ አበባ 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ስመጣ ተመሳሳይ ምደባ ተሰጥቶኝ ነበር፤ ከክፍሉ ኃላፊ ጋር ተነጋግሬ፣ የደብተሬን ይዘት አሳይቼ፣ ፈተናውን በድጋሚ ወስጄ ካልኩለስ አንድ ገባሁ፣ አለፍሁም።

ይህን የምመክረው ስለ ክብር ብዬ አይደለም። በምሕንድስና ትምህርት ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በካልኩለስ ሰንሰለት ላይ ነው። ካልኩለስ አንድ ሳይጀመር የምሕንድስና ፊዚክስ አይጀመርም፤ ካልኩለስ ሁለት ሳያልቅ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን አይወሰድም፤ የሰርኪት ኮርሶች ደግሞ እነዚህን ይጠብቃሉ። አንዳንድ ኮርሶች በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሰጡ በሒሳብ የዘገየ አንድ ሴሚስተር በምረቃ ላይ አንድ ዓመት ሆኖ ሊመጣ ይችላል። 161ን፣ ቀጥሎ 162ን፣ ከዚያ 263ን ቢወስድ ካልኩለስ የሚደርሰው በሁለተኛው ዓመቱ ነው። ዕድሜውም፣ ፔል የተባለው የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ የሚሰጥበትም ጊዜ ገደብ አለው፤ ፔል በሙሉ ጊዜ ትምህርት ከ12 ሴሚስተር አያልፍም።

ስለዚህ በድጋሚ ይፈተን። አሌክስን የመሰለ የምደባ ፈተና የሚጠቀሙ ትምህርት ቤቶች ቢበዛ 30 ጥያቄ ጠይቀው የተማሪውን ድክመት ይለያሉ፤ በዚያው ላይ የሚለማመድበት ክፍልም ስላለ ጥቂት ሳምንታት ሠርቶ እንደገና መሞከር ይቻላል።


መልስ 4፦ የአካውንቲንግ ተማሪ

ከዋናው ጥያቄ ትንሽ ወጣ ቢልም፣ ይህን ገጽ የሚያነቡ የቢዝነስ ተማሪዎች ሊኖሩ ስለሚችሉ አንድ ነገር ልጨምር። አካውንቲንግ፣ ፋይናንስ ወይም ማኔጅመንት የሚያጠና ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው 261 የተባለውን አፕላይድ ካልኩለስ እንጂ የመሐንዲሶቹን 263 አይደለም። 261 ትሪጎኖሜትሪ ስለማይገባበት 161ን ብቻ አልፎ መግባት ይበቃል። እኔ ይህን ሳላውቅ 162ን ወስጄ አንድ ሴሚስተር አባክኛለሁ።


ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። የነርስ እህቴን ምሳሌዎች ወረቀት ላይ ሠራኋቸው፤ ሁለቱንም በትክክል አገኘኋቸው፤ ከስንት ዓመት በኋላ ሒሳብ ሠርቼ ሳልደነግጥ ስነሣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የወንድሜን ነገር ግን መምህሩ ባሉት መሠረት ለማየት ሞከርን። ከኮሌጁ የማጠናከሪያ ክፍል የፕሪካልኩለስ የማጠቃለያ ፈተና ናሙና አምጥቶ ሰዓት ይዘን በአንድ ሰዓት ተኩል ሠራው። ኳድራቲክ እኩልታዎችን፣ የፈንክሽን ግራፎችንና ማትሪክስን ያለ ስህተት ሠርቷል። በሎጋሪዝም ላይ የሁለት ቁጥሮች ድምር ሎግ የሎጎቻቸው ድምር ነው ብሎ በስህተት ጻፈ። የ150 ዲግሪ ኮሳይን ኔጌቲቭ መሆኑን ስቷል፤ ከትሪጎኖሜትሪ ጥያቄዎች ያገኘው ግማሹን ነው። በጽሑፍ ከቀረቡት ሰባት የተግባር ጥያቄዎች ደግሞ ሁለቱን ብቻ ነው ያገኘው። እርሱ «እንግሊዝኛው ነው እንጂ ሒሳቡ አይደለም» ይላል። መሐንዲሱ ወንድማችን ያሉት የጊዜ ጉዳይ እኔንም ያሳስበኛል። አሁን ምን ይበጀዋል?


መልስ 5፦ የሒሳብ መምህር፣ ሜሪላንድ

ይህን ያህል ደክማችሁ ስለሞከራችሁ እጅግ ደስ ብሎኛል፤ አሁን በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ። መሐንዲሱ ወንድማችን ስለ ሰንሰለቱ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው። የማልስማማው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰንሰለቱን በጣም የሚያዘገየው ካልኩለስን ዘግይቶ መጀመር ሳይሆን ካልኩለስን ጀምሮ መውደቅ ነው።

በክፍሌ ውስጥ ካልኩለስ አንድን የሚወድቁ ተማሪዎችን የፈተና ወረቀት ሳርም ዴሪቬቲቭን የማያውቅ ብዙ አላገኝም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ(ኤክስ ሲደመር 4) ስኩዌር ሩት ተወስዶ፣ ከዚያ ላይ 2 ተቀንሶ፣ የተገኘው ለኤክስ ይካፈላል፤ ኤክስ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ሊሚቱ ስንት ነው? በቀጥታ ዜሮን ቢያስገቡ ዜሮ ለዜሮ ይሆናል። መፍትሔው ላዕሉንና ታህቱን «ስኩዌር ሩቱ ሲደመር 2» በሚለው ማባዛት ነው፤ ያን ጊዜ ላዕሉ ላይ ኤክስ ብቻ ይቀራል፣ ከታህቱ ኤክስ ጋር ይጣፋል፣ መልሱም አንድ አራተኛ ይሆናል። ከዚህ ሥራ ውስጥ ካልኩለስ የሚባለው የመጨረሻዋ መስመር ናት፤ ሌላው ሁሉ አልጀብራ ነው። ካልኩለስ ሁለት ላይ ሲደርስ ደግሞ የአልጀብራውን ቦታ ትሪጎኖሜትሪ ይወስደዋል፤ የኢንተግራል ዘዴዎቹ ግማሽ ያህል የሳይንና የኮሳይን ዝምድናዎችን በቃል ማወቅ ይጠይቃሉ። ኤሌክትሪካል ምሕንድስና የሚያጠና ሰው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክን የሚገልጸው በሳይንና በኮሳይን ስለሆነ፣ ለእርሱ ትሪጎኖሜትሪ የሚታለፍ በር ሳይሆን የሚኖርበት ቤት ነው። ስለዚህ ግማሽ ትሪጎኖሜትሪ ይዞ መግባቱን አልመክርም።

ነገር ግን 161ን ከመጀመሪያው መጀመሩም ትክክል አይደለም፤ ኳድራቲክና የፈንክሽን ግራፍ ያለ ስህተት የሠራ ልጅ እዚያ ተቀምጦ ይሰለቻል፣ የሰለቸ ጎበዝ ተማሪ ደግሞ የቤት ሥራ መሥራት ያቆማል። የእኔ ምክር በመካከል ያለው 167 ነው። በአንድ ሴሚስተር አልቆ፣ ሲ ወይም ከዚያ በላይ ካገኘ በቀጥታ 263ን ይከፍትለታል፤ መሐንዲሱ ከፈሩት መዘግየት አንድ ሴሚስተር ይተርፋል። ወደዚያ ለመግባት ፈተናውን ደግሞ መውሰድ ካስፈለገው፣ እስኪመዘገብ ባሉት ሳምንታት ሎጋሪዝምንና የትሪጎኖሜትሪ ክቡን ብቻ ይሥራ፤ ሌላውን አይንካ። አምስት ክሬዲት ማለት በክፍል አምስት ሰዓት፣ ከክፍል ውጪ ደግሞ በትንሹ አሥር ሰዓት በሳምንት ማለት ነው፤ ስለዚህ በዚያ ሴሚስተር የሥራ ሰዓቱን ይቀንስ። ኮርሱን በሰመሩ አጭር ሴሚስተር በስድስት ሳምንት ጨፍልቆ ለመጨረስ ግን ፈጽሞ አይሞክር። ኮሌጅ ቦርድ የሚያዘጋጀው፣ ሲያልፉት የኮርስ ክሬዲት የሚያሰጥ ክሌፕ የተባለ ፈተና የፕሪካልኩለስ ክፍል አለው፤ ኮሌጃችሁ የሚቀበለው ከሆነ እርሱም ሌላ አማራጭ ነው።

«እንግሊዝኛው ነው» ማለቱን በአክብሮት እቀበላለሁ፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ብንማርም የማትሪክ ፈተናው በአብዛኛው ስሌት እንጂ ታሪክ የሚተርክ ጥያቄ አያበዛም። ለዚህ የምሰጠው መላ ለሐበሻ ተማሪዎቼ ሁሉ የምሰጠው ነው። ጥያቄውን በልብህ ወደ አማርኛ መልሰው። ለምሳሌ እንግሊዝኛው «ሃያ ያነሰ» የሚለውን አስቀድሞ «ከአንድ ቁጥር» የሚለውን ያስከትላል፤ ተማሪውም ባነበበው ቅደም ተከተል 20 ሲቀነስ ኤክስ ብሎ ይጽፍና ይሳሳታል። በአማርኛ ግን «ከአንድ ቁጥር 20 ሲቀነስ» ስለምንል ቃሉ ራሱ እኩልታውን በትክክለኛው ቅደም ተከተል ያስቀምጥለታል። «ቢያንስ» እና «ቢበዛ» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ምልክቱ ወዴት እንደሚዞር የሚምታታበት ተማሪ በአማርኛ ሲያስበው አይሳሳትም። ቋንቋችንን በሒሳብ ክፍል በር ላይ ጥለን የምንገባበት ምክንያት የለም።

ሌላው የሚቸግረው የግራፍ ማሽን ይሆናል። እኛ አገር በእጅ ሠርተን ስለለመድን ቲ አይ 84 የሚባለውን መሣሪያ በመጀመሪያው ቀን ሲያይ ሊያፍር ይችላል። ከመግዛቱ በፊት የኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት ይጠይቅ፤ ብዙዎቹ ለሙሉ ሴሚስተር ያውሳሉ።


መልስ 6፦ መሐንዲስ፣ ፌርፋክስ

መምህር፣ ስለ 167 አላሰብሁም ነበር፤ እኔ በተማርሁበት ጊዜ የነበረኝ ምርጫ ሁለቱን በተከታታይ መውሰድ ወይም መዝለል ብቻ ነበር። የልጁን የፈተና ውጤት ካየሁ በኋላ ምክሬን አንሥቻለሁ። ካልኩለስ ሁለትን የደገምሁት በትሪጎኖሜትሪ ምክንያት መሆኑንም ቀደም ብዬ መናገር ነበረብኝ።


ጠያቂዋ፦

ዛሬ ሁለታችንም ተመዝግበን ተመለስን። አማካሪዋ 154 ከድጋፍ ክፍለ ጊዜ ጋር እንደሚሰጥ ስጠይቃት ወዲያውኑ አስገባችኝ፤ ሳልጠይቃት ግን አልነገረችኝም ነበር። ለዩኒቨርሲቲው የጻፍሁትም ኢሜይል መልስ አግኝቷል፤ የሚቀበሉት 245ን ስለሆነ ከ154 በኋላ እርሱን እወስዳለሁ። ወንድሜ ፈተናውን ከሦስት ሳምንት በኋላ በድጋሚ ይወስዳል፤ 167 ውስጥ ቦታ ተይዞለታል። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አንድ ላይ እንቀመጣለን፤ እርሱ ክፍልፋይ ያስረዳኛል፣ እኔ ደግሞ የጽሑፍ ጥያቄዎቹን ወደ አማርኛ እመልስለታለሁ። ትናንት ከሰባቱ አምስቱን አገኘ።